የሊኑክስ ፓስወርድ ጠፋ ብላችሁ ፎርማት አታስደርጉ

ድሬ ላይ ኮምፒውተር አልከፈት ካለ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው የሚመስለው፣ ፎርማት። ተንቀራፈፈ ፎርማት፣ ቫይረስ ገባ ፎርማት፣ ፓስወርድ ጠፋ ፎርማት። የመጨረሻው በተለይ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው) ላይ ፓስወርድ ስለጠፋ ብቻ ፋይል የሚጠፋበት ምንም ምክንያት የለም አቦ። እጁ የለመደ ሰው አስር ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ክራክ ፍለጋ መዞር የለም፣ ማሽኑ አጠገብ መሆንና ኪቦርድ መኖሩ ይበቃል። አንድ አይነት ማሽን ላይ ግን አይሰራም፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ፣ እንዳትዘሉት።

ደግሞ "ሊኑክስ ማን ይጠቀማል" የሚል አይጠፋም። እሺ፣ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ የምትገዙት ሰከንድ ሀንድ ላፕቶፕ ውስጥ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጭኖበት የሚመጣ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ለፕሮግራሚንግ ብለው ይጭኑታል፣ ጽሕፈት ቤቶችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ደግሞ የደንበኛ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ሲያንገሸግሻቸው "ቫይረስ የማይገባው ጫንልን" ብለው ያስጭኑታል። ከዛ የጫነላቸው ልጅ ስራ አግኝቶ አዲስ አበባ ወይ ጅቡቲ ይሄዳል፣ ስልኩም ይቀየራል፣ ፓስወርዱ ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ማሽኑ በራሱ ሎግኢን እንዲያደርግ ተስተካክሎ ስለነበር ወር ዓመት ማንም አይጠየቅም፣ አንድ ቀን ፕሪንተር ልጫን ሲባል ፓስወርድ አስገባ ይላል፣ ያኔ ነው ጉዱ የሚፈላው።

በመጀመሪያ ግን እውነት ጠፍቷል ወይስ ኪቦርዱ ነው የሚያሾፍባችሁ የሚለውን እዩ። አማርኛ ኪቦርድ የጨመረ ሰው ይሄ ይገጥመዋል፣ ሎግኢን ስክሪኑ ላይ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ የምትጽፉት ደግሞ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን አይታያችሁም፣ ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፋችሁ ተሳስቷል ይላችኋል። ከላይ በስተቀኝ ጥግ የቋንቋ ምልክት ካለ ተጭናችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። አዳዲሶቹ ኡቡንቱዎች ላይ ፓስወርድ መጻፊያው ሳጥን ጫፍ ላይ የዓይን ምልክት አለች፣ እሷን ስትጫኑ የጻፋችሁት ይታያል። ካፕስ ሎክንም እዩ፣ በቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ፓድ የምትጽፉ ከሆነ ነም ሎክንም። ይሄን ሳያይ ማሽኑን ተሸክሞ በጠራራ ፀሐይ በባጃጅ የመጣ ሰው ስንት አለ ወላሂ።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ላይ ሌላ አድሚን የሆነ ሰው ካለ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አያስፈልጋችሁም። እሱ በራሱ አካውንት ይገባል፣ ተርሚናል፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ይከፍታል፣ «ሱዱ ፓስውድ» (ሱዱ ትዕዛዙን በአድሚን ሥልጣን የሚያስኬድ ቃል ነው፣ አጻጻፋቸውን ወደታች እነግራችኋለሁ) ብሎ የእናንተን ዩዘር ኔም ይጽፋል፣ አዲስ ፓስወርድ ሁለቴ ይሰጣል፣ አለቀ።

ሁለቱም ካልሆነ እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፣ የጠፋ ፓስወርድ ይቀየራል እንጂ አይገኝም። ሰው "ፓስወርዱን አውጣልኝ" ሲል ኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነ ቦታ ተጽፎ የተቀመጠ እየመሰለው ነው። የለም። ኮምፒውተሩ ራሱ ፓስወርዳችሁን አያውቀውም፣ የሚያውቀው ተፈጭቶ የወጣውን ነው። በርበሬ ወፍጮ ቤት ካስፈጫችሁ በኋላ ዱቄቱን ይዛችሁ ዛላውን መልሱልኝ አትሉም፣ እንደዛው ነው። ልዩነቱ፣ የኮምፒውተሩ ወፍጮ ያንኑ ነገር ከሰጣችሁት ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ሎግኢን ስታደርጉ አሁን የጻፋችሁትን ይፈጨዋል፣ ድሮ ፈጭቶ ካስቀመጠው ጋር ያስተያየዋል፣ ከገጠመ ያስገባችኋል። ይሄ የተፈጨው ነገር ሀሽ ይባላል።

ሀሹ የተቀመጠው ሻዶ የሚባል ፋይል ላይ ነው፣ ኢቲሲ የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ተራ ዩዘር ከፍቶ ሊያነበው አይችልም። ብትከፍቱት ለእያንዳንዱ አካውንት አንድ መስመር ነው ያለው፣ ክፍሎቹ በሁለት ነጥብ የተለያዩ፣ መጀመሪያ ስሙ ከዛ ሀሹ። ሀሹ በዶላር ምልክት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል ወይ ቁጥር በምን እንደተፈጨ ይናገራል፣ 6 ከሆነ ሻ 512 የሚባለው አፈጫጨት ነው፣ ዋይ ከሆነ «ዬስክሪፕት» የሚባለው አዲሱ ነው (ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ11 ጀምሮ በ2021፣ ኡቡንቱ በ22.04 ወደሱ ዞረዋል)። ሻ 512 አንዱን ፓስወርድ እንደ ነባሪ 5000 ዙር ነው የሚፈጨው፣ ሆን ተብሎ ነው እንዲዘገይ የተደረገው፣ እናንተ ሎግኢን ስታደርጉ አይታወቃችሁም፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ግምት የሚሞክር ሰው ግን ይደክመዋል። በዛ ላይ ከመፈጨቱ በፊት ለየአካውንቱ የተለያየ የዘፈቀደ ነገር ይጨመርበታል፣ ስለዚህ ሁለት ሰው አንድ አይነት ፓስወርድ ቢኖራቸው እንኳን ሀሻቸው አይመሳሰልም። ፓስወርዱ 123456 ከሆነ በግምት ይገኝ ይሆናል፣ ግን በአስር ደቂቃ መቀየር እየተቻለ ለምን ትለፋላችሁ።

እዛው ፋይል ላይ ሀሽ መሆን በነበረበት ቦታ ቃለ አጋኖ ወይ ኮከብ ብቻ ያለበት አካውንት ታያላችሁ፣ ትርጉሙ በፓስወርድ አይገባም፣ ተቆልፏል ነው። ኡቡንቱ ላይ ሩት የሚባለው ዋናው አካውንት ገና ሲጫን ጀምሮ እንደዚህ ነው። ስለዚህ "የሩት ፓስወርድ ጠፋብኝ" የሚል የኡቡንቱ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጠፋበት የራሱ ፓስወርድ ነው፣ የሩት የሚባል ኖሮም አያውቅም። ሲጫን መጀመሪያ የተፈጠረው ዩዘር ሱዱ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ይገባል፣ ፕሮግራም ለመጫን የምትጠየቁት የዚህን ዩዘር ፓስወርድ ነው።

ታዲያ ሀሹ ወደኋላ ካልተመለሰ እንዴት ነው የሚቀየረው? ፓስወርድ የሚጠይቃችሁ ማን እንደሆነ አስቡ። ሲስተሙ ነው፣ ከተነሳ በኋላ። ማብሪያውን ስትጫኑ መጀመሪያ የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር ይነሳል፣ እሱ ግረብ የሚባለውን ትንሽ የማስነሻ ፕሮግራም ይጠራል፣ ግረብ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ይጭናል፣ ከርነሉ ደግሞ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ያስነሳል፣ ያ ፕሮግራም ሌላውን ሁሉ እያስነሳ መጨረሻ ላይ ሎግኢን ስክሪን ይመጣል። ፓስወርድ የሚባል ነገር የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። እናንተ ከመሀል ገብታችሁ ግረብን "ያንን ሁሉ ተወውና ለኔ ባዶ ተርሚናል ብቻ ስጠኝ" ካላችሁት ጠያቂ የለም፣ ከርነሉ ያስነሳው የመጀመሪያው ነገር እናንተ ናችሁ፣ ሩትም ናችሁ። ሩት ደግሞ የማንንም ፓስወርድ አሮጌውን ሳይጠየቅ ይቀይራል። ቀዳዳ አይደለም፣ ሰርቶ የጣለ ፕሮግራመር የለም፣ ሲስተሙ ታስቦበት ነው እንደዚህ የሆነው፣ ማሽኑን በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይታሰባል።

አሁን ስራው። ትዕዛዞቹን በስልክ እንደሚነገረው በአማርኛ ነው የምጽፋቸው፣ እናንተ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል በትንንሹ ጻፉ፣ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል። ፓስውድ ያልኩት ትዕዛዝ ፓስወርድ ከሚለው ቃል መሀል ላይ ኦ እና አር ተነስተው ነው የሚጻፈው፦ ፒ፣ ኤ፣ ኤስ፣ ኤስ፣ ደብልዩ፣ ዲ። ሱዱ ደግሞ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራቱን አይታችሁ ጀምሩ፣ ድሬ ነው ያለነው፣ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጅ ይኑረው።

ኡቡንቱና የሱ ዘመድ በሆነው ሚንት ላይ። ማሽኑን ሪስታርት አድርጉና የካምፓኒው አርማ ታይቶ እንደጠፋ ኢስኬፕን አንዴ ተጫኑ። አንዴ ነው ያልኩት፣ ደጋግማችሁ ከጠቀጠቃችሁት ሜኑውን አልፎ ግረብ የሚል ጥቁር ስክሪን ላይ ይጥላችኋል፣ እዛ ከገባችሁ ኮንትሮል አልት ዲሊት ብላችሁ እንደገና ጀምሩ። የቆዩ ማሽኖች ላይ ከኢስኬፕ ይልቅ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ነው የሚሰራው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የተጫነ ከሆነ ሜኑው ራሱ ይመጣል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም።

ሜኑው ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ የሚለውን ግቡ፣ የከርነል ዝርዝር ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ ሪከቨሪ ሞድ የሚል የተጻፈበትን ከላይ ያለውን ምረጡ። ጥቁር ስክሪን ላይ ብዙ ጽሑፍ ይሮጣል፣ አትደንግጡ፣ ከዛ በሳጥን ውስጥ ሪዚዩም፣ ክሊን፣ ኤፍኤስሲኬ፣ ኔትወርክ፣ ሩት እያለ የሚሄድ ዝርዝር ይወጣል። በቀስት ወርዳችሁ ሩት የሚለውን ኢንተር በሉት፣ ከታች ለሜንቴናንስ ኢንተር ተጫን ይላል፣ ተጫኑት። አሁን መስመሩ መጨረሻ ላይ የፓውንድ ምልክት ያለበት፣ ማለትም ስልክ ላይ ሀሽ የምንላት አራት መስመር የተጠላለፈባት ምልክት ያለችበት መጻፊያ መጣ ማለት ነው። እሷ ካለች ሩት ናችሁ።

እዚህ ደረጃ ላይ ሃርድ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፣ መጻፍ እንዲቻል ማድረግ አለባችሁ። «ማውንት» (ኤም፣ ኦ፣ ዩ፣ ኤን፣ ቲ) ጻፉ፣ ስፔስ፣ ሰረዝና ኦ፣ ስፔስ፣ «ሪማውንት» ኮማ አር ደብልዩ (ኮማው ግራና ቀኝ ስፔስ የለውም)፣ ስፔስ፣ ወደፊት ያጋደለች ስላሽ ብቻዋን፣ ኢንተር። ምንም መልስ ካልሰጣችሁ ሰርቷል፣ ሊኑክስ ሲስማማ ዝም ነው የሚለው። ቀጥሎ የዩዘሩን ስም በትክክል ካላወቃችሁ «ኤልኤስ» ስፔስ «ስላሽ ሆም» በሉ፣ በዩዘሮቹ ስም የተሰየሙ ፎልደሮች ይዘረዝርላችኋል። ይሄን የምለው ሎግኢን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ስምና እውነተኛው ዩዘር ኔም ብዙ ጊዜ ስለማይገጥሙ ነው፣ ስክሪኑ ላይ "ጽሕፈት ቤት" ይላል፣ ውስጡ ግን የጫነው ልጅ ቅጽል ስም ነው ያለው። ሰከንድ ሀንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ አይታችሁት የማታውቁት ሰው ስም ታገኛላችሁ።

ከዛ «ፓስውድ» ስፔስ ዩዘር ኔሙ፣ ኢንተር። አዲስ ፓስወርድ ሁለት ጊዜ ይጠይቃችኋል። ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ ኮከብም ነጠብጣብም የለም፣ ኪቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትተዉት፣ እየተጻፈ ነው። ለአሁኑ ቀላል የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ ስጡት፣ ምልክቶች ተዉ፣ ምክንያቱም እዚህ ያለው የኪቦርድ አቀማመጥ ዴስክቶፑ ላይ ከለመዳችሁት ሊለይ ይችላል፣ ከገባችሁ በኋላ ጠንከር ያለውን ትቀይራላችሁ። ፓስወርዱ ተሳክቶ ተቀይሯል የሚል አንድ መስመር ይወጣል። በዛ ፋንታ ኦተንቲኬሽን ቶክን ማኒፑሌሽን ኤረር የሚል ካመጣ ግን በዚህ ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ አሁንም ለንባብ ብቻ ነው ያለው ማለት ነው፣ ወደ ማውንቷ መስመር ተመለሱና አንድ ፊደል ያጎደላችሁበትን ፈልጉ። ሲያልቅ «ሲንክ» (ኤስ፣ ዋይ፣ ኤን፣ ሲ) ብላችሁ ኢንተር፣ የጻፋችሁት ነገር ከሜሞሪ ዲስኩ ላይ እንዲያርፍ ነው፣ ከዛ «ሪቡት»።

ይሄ መንገድ የሚዘጋበት ሁኔታ አለ። ማሽኑ ላይ ለሩት ፓስወርድ ተሰጥቶት ከነበረ ሪከቨሪ ሞዱ ራሱ የሩትን ፓስወርድ አምጣ ይላችኋል፣ ዴቢያን ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ዴቢያን ላይ ሩት ተቆልፎ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አካውንቱ ተቆልፏል ብሎ ይቆማል። ያኔ ሪከቨሪውን ትታችሁ ጠንከር ወዳለው መንገድ ትሄዳላችሁ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ እሱን ነው የምወደው፣ ሁሉም ጋ ይሰራል ማለት ይቻላል።

ግረብ ሜኑ ላይ ሁኑና የመጀመሪያውን መስመር ሳትገቡበት ኢ የምትለዋን ፊደል ተጫኑ። የግረቡ ጽሑፍ ተከፍቶ ይመጣል። ሊኑክስ በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ፣ ረጅም ነው፣ ስክሪኑ ስለማይበቃው ወደ ቀጣዩ መስመር ይታጠፋል፣ የታጠፈበት ቦታ ላይ ግልብጥ ስላሽ ታያላችሁ፣ እሷን አትንኳት። መስመሩ ውስጥ ብቻዋን የቆመች አር ኦ አለች፣ ለንባብ ብቻ ማለት ናት፣ ኦዋን ወደ ደብልዩ ቀይሩ። ኳየትና ስፕላሽ የሚሉ ቃላት ካሉ አጥፏቸው፣ ካልሆነ አርማው ስክሪኑን ይሸፍንባችኋል። ከዛ መስመሩ መጨረሻ ላይ ስፔስ ሰጥታችሁ «ኢኒት» እኩል ይሆናል «ስላሽ ቢን ስላሽ ባሽ» ጨምሩ፣ አንድ ላይ፣ መሀሉ ላይ ስፔስ የለም። ኢኒት አይ፣ ኤን፣ አይ፣ ቲ ነው የሚጻፈው። ኮንትሮልና ኤክስ አብራችሁ ስትጫኑ ወይ ኤፍ 10 ስትሉ ማሽኑ ይነሳል፣ ግን ያ ሁሉ ፕሮግራም አይነሳም፣ ተርሚናል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚህ ግረብ ላይ የቀየራችሁት ነገር ለዚህ አንድ መነሳት ብቻ ነው የሚሰራው፣ አይቀመጥም፣ ብትሳሳቱ ሪስታርት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያው «ፓስውድ» ነው፣ ሩትን ከፈለጋችሁ ብቻውን፣ ሌላ ዩዘር ከሆነ ከነስሙ። ሲያልቅ «ሲንክ» በሉ። ግን እዚህ «ኤግዚት» እንዳትሉ፣ አሁን ማሽኑ ላይ እየሰራ ያለው የመጀመሪያው ፕሮግራም እናንተ የያዛችሁት ተርሚናል ስለሆነ ከሱ ስትወጡ ከርነሉ የሚይዘው ያጣል፣ ከርነል ፓኒክ ይላል። ምንም አይበላሽም ግን ሰው ያስደነግጣል። «ኤግዜክ» (ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ፣ ሲ) ስፔስ «ስላሽ ኤስቢን ስላሽ ኢኒት» ስትሉ የተቋረጠው ይቀጥላል፣ ወይ «ሪቡት» ስፔስ ሰረዝ ኤፍ።

ፌዶራና የሬድ ሃት ቤተሰቦች በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይም ይሄው ነው፣ አንድ ነገር ትጨምራላችሁ። እነሱ ላይ ኤስኢ ሊኑክስ የሚባል ተጨማሪ ዘበኛ አለ፣ ለየፋይሉ መለያ ይለጥፋል፣ እናንተ ያለሱ ፈቃድ ሻዶን ስትነኩት መለያው ይሳሳታል፣ ፓስወርዱ ተቀይሮ እያለ አልገባም ይላችኋል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት «ተች» (ቲ፣ ኦ፣ ዩ፣ ሲ፣ ኤች) ስፔስ ስላሽ ነጥብ «አውቶሪሌብል» ብላችሁ ባዶ ፋይል ፍጠሩ። ሲነሳ ይሄን ፋይል አይቶ የሁሉንም ፋይል መለያ እንደገና ይለጥፋል፣ ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ቆመ ብላችሁ መሀል ላይ እንዳታጠፉት።

ግረብ ራሱ ከተቆለፈ ወይ ከተበላሸ የኡቡንቱ መጫኛ ያለበት ፍላሽ ሰክታችሁ ከሱ ትነሳላችሁ፣ ሳይጫን መሞከሪያው ላይ ግቡ፣ ተርሚናል ላይ «ኤልኤስቢኤልኬ» ብላችሁ የማሽኑን ፓርቲሽን (ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፍል) በመጠኑ ለዩት፣ በሱዱ ኤምኤንቲ የሚባለው ፎልደር ላይ ማውንት አድርጉት፣ «ሱዱ» «ሲኤች ሩት» (አንድ ላይ ተያይዞ ነው የሚጻፈው) «ስላሽ ኤምኤንቲ» ስትሉ ፍላሹን ለቃችሁ ዲስኩ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ከዛ ያው «ፓስውድ»። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፣ ፓስወርዱን ሳይቀይርም ሆም ፎልደሩ ውስጥ ያለው ሰነድና ፎቶ ሁሉ ፊቱ ላይ ነው፣ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጎ መሄድ ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ ጭራሽ አልነሳ ቢል እንኳን ፎርማት ከማለታችሁ በፊት ፋይሉ በዚህ ይወጣል። ይወጣል እያወቀ "አይወጣም፣ ፎርማት ነው" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ውጡ።

አሁን የማይሰራበት። ማሽኑ ሲነሳ፣ ሎግኢን ስክሪን ከመምጣቱ በፊት፣ ዲስኩን ለመክፈት ብሎ ፓስፍሬዝ፣ ማለትም የዲስኩን የራሱን ፓስወርድ፣ የሚጠይቅ ከሆነ ዲስኩ ሉክስ በሚባለው የዲስክ መቆለፊያ ተመስጥሯል ማለት ነው። ይሄ የሎግኢን ፓስወርድ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው። የሎግኢን ፓስወርድ ዘበኛ ነው፣ ዘበኛው ሳይነሳ መግባት ይቻላል፣ እዚህ ግን ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ራሱ ያለቁልፍ የማይነበብ ትርጉም የለሽ ነገር ነው። ፓስፍሬዙን የምታስታውሱና የጠፋባችሁ የሎግኢኑ ብቻ ከሆነ ችግር የለም፣ እሱን ሰጥታችሁ ሪከቨሪ ውስጥ ትገቡና ከላይ ያለውን ታደርጋላችሁ። ፓስፍሬዙ ራሱ ከጠፋ ግን፣ ሌላ ቁልፍ ካላስቀመጣችሁ በቀር፣ አልቋል ዋሪያ። እኔም አልከፍተውም፣ አዲስ አበባ ያለው ባለሙያም አይከፍተውም፣ "እከፍታለሁ ግን ቅድሚያ ክፈል" የሚል ሰው ካለ ብሩን ነው የሚፈልገው። ፎርማት እውነት መልስ የሚሆነው እዚህ ብቻ ነው፣ እሱም ማሽኑን ያድናል እንጂ ፋይሉን አይደለም።

መሀል ላይ ያለ ነገርም አለ፣ ሆም ፎልደሩ ብቻ የተመሰጠረበት። ኡቡንቱ እስከ 18.04 መምጫ ድረስ ሲጫን "ሆም ፎልደርህን ላመስጥረው?" እያለ ይጠይቅ ነበር። እንደዚህ አይነት ማሽን ላይ ፓስወርዱን ብትቀይሩት ይቀየራል፣ ግን ፋይሎቹ የተቆለፉት በአሮጌው ፓስወርድ ስለሆነ ገብታችሁ ባዶ ነገር ታያላችሁ። መጀመሪያ ሲጫን ጻፍና አስቀምጥ ያላችሁ ረጅም የፊደልና ቁጥር ድብልቅ ነበር፣ ያ ካለ ይከፈታል። ከሌለ አሮጌውን ፓስወርድ ማስታወስ ነው ያለው።

ከተሳካላችሁ በኋላ ስትገቡ አንድ የሚያናድድ ሳጥን ሊመጣ ይችላል፣ ሎግኢን ኪይሪንግ አልተከፈተም፣ ፓስወርድ አስገባ ይላል። አዲሱን ትሰጡታላችሁ አይቀበልም። ይሄ ክሮምና ሌሎች ፕሮግራሞች ምስጢር የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው፣ ይሄም በአሮጌው ፓስወርድ ነው የተቆለፈው፣ ሩት ሆናችሁ ስትቀይሩ ይሄ አብሮ አይቀየርም። አሮጌው ከጠፋ ውስጡ ያለው ጠፍቷል፣ ክሮም ላይ ሴቭ ያደረጋችሁት የፌስቡክና የኢሜይል ፓስወርድ አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ ከጉግል አካውንታችሁ ጋር ሲንክ ከሆነ ይመለሳል። ፋየርፎክስ የራሱን ለብቻው ስለሚያስቀምጥ አይነካም። ሳጥኑ እንዲተዋችሁ ሆም ፎልደር ውስጥ ኮንትሮልና ኤች ብላችሁ የተደበቁትን አውጡ፣ ነጥብ ሎካል ውስጥ፣ ሼር ውስጥ፣ ኪይሪንግስ ውስጥ ያለውን ሎግኢን የሚል ፋይል ስሙን ቀይሩት፣ አትሰርዙት፣ አሮጌው ፓስወርድ ትዝ ካላችሁ ትመልሱታላችሁ። ወጥታችሁ ስትገቡ አዲስ ይፈጥራል።

እስካሁን ያነበበ ሰው "እንደዚህ ቀላል ከሆነማ ሌባም ያደርገዋላ" ይላል። አዎ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ጥገና የሚሰራ ሰው ባለቤቱን የሚጠይቀው፣ እኔም ላፕቶፑን ያመጣው ሰው ውስጡ ያለውን ፎልደር ስም እንኳን የማያውቅ ከሆነ አልነካውም፣ ደረሰኝ ወይ የሸጠለትን ሰው ያምጣ። ላፕቶፑ ከከተማ ከተማ የሚዞር፣ ደንበኛ መታወቂያና የባንክ ወረቀት ስካን የሚያደርግበት ከሆነ ዲስኩን አመስጥሩት፣ ሲጫን አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ከዛ በሱዱ «ክሪፕትሴታፕ» «ሉክስ አድ ኪይ» (ሦስቱ ቃል አንድ ላይ ተያይዞ፣ የአድ ኤ እና የኪይ ኬ ብቻ በትልቁ ፊደል) ብላችሁ የዲስኩን ስም ስጡትና ሁለተኛ ፓስፍሬዝ ጨምሩ፣ አሮጌው ሉክስ እስከ 8፣ አዲሱ እስከ 32 ድረስ ይቀበላል፣ ሁለተኛውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡት፣ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። ጽሕፈት ቤት ላለው፣ ማሽኑ ከጠረጴዛው ለማይነሳ ሰው ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም ባይ ነኝ፣ ለእሱ ሁለተኛ አድሚን አካውንት በባለቤቱ ስም ከፍቶ ፓስወርዱን ከንግድ ፈቃዱ ጋር ማስቀመጥ ይበቃዋል፣ ልጁ ጅቡቲ ቢሄድም ጣጣ የለም።

የባዮስ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚነሳው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር፣ ፓስወርድ አድርጎ ከፍላሽ መነሳትን መዝጋትም ይቻላል፣ ግረብ ላይም ፓስወርድ ይደረጋል፣ ሰፈር ውስጥ ላለ ጎበዝ ልጅ በቂ መከላከያ ነው፣ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ማሽን ላይ ለሚሰካ ሰው ግን ምንም አይደለም። የባዮሱን ካደረጋችሁ ደግሞ እሱን እንዳትረሱት፣ ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የማዘርቦርዷን ክብ ባትሪ ነቅሎ በመመለስ ወይ ጃምፐሯን በማዛወር ይጠፋል፣ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ግን ባትሪ ነቀላ አይሰራም፣ አምራቹ ራሱ ካልሆነ ወይ ቺፑ ካልተቀየረ አይከፈትም።